ሎሜ ላይ የነበረችው ባለሱቅ

ከባሌ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ጨርቅ ማጠፍ ነበር። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አንዲት ደንበኛ ስድስት ጣቃ አስዘርግታ፣ ሁሉንም ዳብሳ፣ "እመለሳለሁ" ብላ ሄደች። ጨርቁ ባንኮኒው ላይ ተከምሮ ቀረ። እኔ ምሳ ላደርስ መጥቼ ልመለስ ስል "ነይ እስቲ ያዢልኝ" አለኝ።

አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ያዝን። ሰፊ ጨርቅ ለሁለት ሲታጠፍ የራሱ አካሄድ አለው። ሁለታችንም ወደ ኋላ እንሄዳለን፣ ጨርቁን ወጠር እናደርጋለን፣ ከዚያ ወደ ፊት እንመጣና አንዳችን ጫፉን ለሌላው እናስረክባለን። እጃችን በተገናኘ ቁጥር ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ። ያኔ ልብ አላልኩትም። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ "ጫፉ አልገጠመም፣ ድገሚው" አለኝ።

"ራስህ ድገመው። ምሳህ እየቀዘቀዘ ነው።"

ሳቀና ብቻውን ደገመው። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋው አልተነሳም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ።

ባሌ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሱቃችን መርካቶ ጨርቅ ተራ፣ ቤታችን አማኑኤል ነው። ሁሉም ሰው ቻይናና ዱባይ በሚሮጥበት ዘመን እሱ ከሱቅ ጎረቤታችን ከሐጂ ጋር ሆኖ በአፍሪካ ውስጥ መዞሩን መረጠ። ለሠርግና ለምርቃት ሴቶች የሚያሰፉትን፣ ትልልቅ ሥዕል ያለበትን ደማቅ የጥጥ ጨርቅ ነበር የሚያመጣው። በዓመት ሦስት ጊዜ ይሄዳል፤ ሲቀናው አራት ጊዜ። ካምፓላ፣ ናይሮቢ፣ ካይሮ፣ ጆሃንስበርግ፣ ሎሜ። እኔ ከአዲስ አበባ ርቄ የሄድኩት ደብረ ማርቆስ ድረስ ነው፤ እሱም የእናቱ ለቅሶ ሆኖ።

ትምህርቱን ያቆመው ከስድስተኛ ክፍል ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ልጆች እስክወልድ ድረስ ቀበሌ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከመንገድ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ "ጸሐፊዋ፣ ደብተርሽን አምጪ" ይለኛል። ከየገበያው መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ጨርቅ ለናሙና ይዞ ይመጣል። እኔ ቁራጩን ደብተሩ ላይ በመርፌ እሰፋዋለሁ፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ ከሥሩ እጽፋለሁ። ይሄኛው ያምራል፣ ያኛው አያምርም እያልኩም እለፈልፋለሁ። ዕቃው ራሱ በካርጎ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን አራት ደብተር ሞላን።

"አፍሪካ አንድ ናት የሚል ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም" ይል ነበር። በከተማችን ትልቅ የአፍሪካ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር መንገድ ይዘጋና ሥራ ይቀዘቅዝበታል፤ ያን ጊዜ ነው የሚላት።

ካይሮ፣ ብሎ አስጽፎኛል፣ ዋጋ መጠየቅ እንደ ስድብ ነው። መጀመሪያ ሻይ ትጠጣለህ። ስለ ልጆችህ ትጠየቃለህ፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቃለህ። ሻጩ በአባቱ መቃብር ይምላል። ዋጋ የሚነገርህ ልትነሳ ስትል ነው፣ ያውም እንደ ሚስጥር በጆሮህ። ናይሮቢ ሻይ የለም፣ ወሬም የለም። ስልክህን ታወጣለህ፣ ሻጩ ስልኩን ያወጣል፣ ጠብ የሚል ብር ሳታይ ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ። እዚያ ሰው የሚቸኩለው ለምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ሄዶም አልገባውም። ጆሃንስበርግ ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል፤ መከራከር ነውር ነው። ከመሐል ከተማ ወጣ ሲሉ ደግሞ የእኛ ልጆች ከብረት ፍርግርግ ኋላ ተቀምጠው ይሸጣሉ፤ ዕቃው በፍርግርጉ ይወጣል፣ ገንዘቡ በፍርግርጉ ይገባል። "እስር ቤት ነው ሱቅ?" ብሎ እዚያ ሁለተኛ አልሄደም።

ካምፓላን ስንጽፍ ተጣልተናል።

"እዚያ ሴቲቱ ሰላም ስትልሽ ትንበረከካለች" አለኝ።

"ማን ፊት?"

"እንግዳ ፊት ነዋ። ባህላቸው ነው።"

"አንተ ፊት ተንበርክካለች?"

"ጸሐፊ ትጽፋለች እንጂ ትመረምራለች እንዴ?"

ጻፍኩት። ቁራጩን ስሰፋ ግን ክሩን ያለ ልክ አጠበቅሁት፤ ዛሬም ያ ገጽ የተጨማደደ ነው።

ካምፓላ ግን ቀላሏ ነበረች። ዕረፍት የነሳችኝ ሎሜ ናት።

የሎሜ ገጾች ከሁሉም ይበዛሉ። እዚያ፣ አለኝ፣ ጨርቅ የሴት ነው። ጅምላውን የያዙት ትልልቅ ሴቶች ናቸው፤ በየደጃቸው እንደ ንግሥት ተቀምጠው ያዛሉ። ወንድ ይሸከማል፣ ይነዳል፣ ይላላካል። ፋብሪካው ለጨርቁ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሴቶቹ ግን ስም ያወጡለታል፣ በስሙ ነው የሚሸጠው። አንዱ ቀይ ጨርቅ "የባልሽ እናት መጣች" ይባላል ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሌላው "ጎረቤቴ በምን በለጠችኝ" ነው። አንዲቷ ሴት ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ደንበኛው ናት፣ እስዋ ካልሸጠችለት ማንም አይሸጥለትም።

"ስንት ዓመቷ ነው?" አልኩት።

"የማን?"

"የሴትዮዋ ነዋ።"

"እኔ የማወራሽ ስለ ጨርቅ ነው።"

"እኔም የምጠይቅህ ስለ ጨርቅ ሻጯ ነው።"

"እንጃ። ወፍራም ናት" አለ፤ ይህ መልስ የሚያሳርፈኝ መስሎት።

ቅናት ሰው ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አገር ላይም ይቀናል። የልጄን የጂኦግራፊ ካርታ ዘርግቼ ከአዲስ አበባ እስከ ሎሜ በጣቴ ለካሁት። አንድ ስንዝር ሞላ። በዚያች ስንዝር ውስጥ ስንት በረሃ፣ ስንት ጫካ፣ ስንት ቋንቋ እንዳለ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። እሱ ይህን ሁሉ በላዩ ላይ እየበረረ ያልፋል። እኔ ደግሞ ከአማኑኤል እስከ ጨርቅ ተራ ምሳ ዕቃ ይዤ እመላለሳለሁ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። መርካቶ ሴት ነጋዴ አልጠፋበትም። ቅቤውንም በርበሬውንም፣ ጎጃም በረንዳ ያለውን እህልም በወንዶቹ ፊት እየመዘነች የምትሸጥ ሴት ሞልታለች። እኔ ግን ልጆቹ ካደጉ በኋላ "ሱቅ ልቀመጥና ላግዝህ" ባልኩት ቁጥር መልሱ አንድ ነበር። "ለጫጫታና ለስድብ ነው የምትቀመጪው? ቤትሽ ምን ጎደለብሽ?" በክፋት አይደለም። ባደገበት ቤት የሰው ሚስት ባንኮኒ ላይ አትቀመጥም። ታዲያ ያ ሰው ሎሜ ሲደርስ፣ ባንኮኒ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ከእግራቸው ሥር ሆኖ ያደንቃል፤ ተመልሶ አድናቆቱን ለእኔ ያስጽፈኛል። እኔም በእጄ ጽፌ፣ በመርፌ ሰፍቼ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጥለታለሁ።

እንዲህ እያለ ሞተ። ድንኳኑ ተተከለ፣ እድርተኛው መጣ፣ ሐጂ ሦስት ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። አርባው ወጣ። በአርባው ማግስት የባሌ ታናሽ ወንድም መጥቶ "እትዬ፣ ሱቁን ለሰው እናከራየውና እርስዎ ቤትዎ አርፈው ይቀመጡ" አለኝ። እሺ አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። ልቤ እዚያ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ከሎሜ አንድ ጥቅል መጣ። አንዲት መንገደኛ ለሐጂ ሰጥታ፣ ሐጂ በተሸካሚ ላኩልኝ። ለብቻዬ ከፈትኩት። ውስጡ ጥቁርና ሰማያዊ ጨርቅ፣ ለአንድ ቀሚስ የሚበቃ፣ በላዩ ላይም አንድ ፎቶግራፍ ነበር።

ፎቶግራፉ ላይ አሥራ አንድ ሴቶች ቆመዋል። ሁሉም የለበሱት የተላከልኝን ጨርቅ ነው። መካከል ላይ አንዲት ወፍራም ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ያለው ጠረጴዛ ላይ ፍሬም ውስጥ የገባ የባሌ ፎቶ አለ፤ ሴትየዋ እጇን ፍሬሙ ላይ ጣል አድርጋለች። እኔ ጋ የሌለ ፎቶ ነው። ኮት የለውም፣ ሸሚዙ እስከ ደረቱ ተከፍቷል፣ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። መታወቂያው ላይ የተኮሳተረው፣ በሠርጋችን ፎቶ ላይ እንኳ አፉን የገጠመው ሰው ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ሐዘን የሚለብስ የሥጋ ዘመድ ነው። ባዕድ ሴት ከላይ እስከ ታች የሐዘን ልብስ ለብሳ ከሬሳ ራስጌ ብትቆም፣ ቀብረኛው ሁሉ "ይህቺ ደግሞ ማናት?" ይላል። ማን እንደሆነች የሚታወቀውም ያኔ ነው። በሰፈራችን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሰውየው አፈር ሳይለብስ ሁለተኛዋ ልጇን አስከትላ ትደርሳለች። እንግዲህ የእኔዋ በጥቅል ደረሰች አልኩ። ጭራሽ እኔንም እንደ እስዋ እንድለብስ የድርሻዬን ቆርጣ ልካልኛለች።

ጨርቁን አልጋ ሥር ወረወርኩት። ሁለት ቀን አላወጣሁትም፣ አልረሳሁትምም። እየተነሳሁ ፎቶውን አያለሁ። ጣቷ ፍሬሙን እንዴት እንደያዘ አያለሁ። አራቱንም ደብተር አውጥቼ የሎሜን ገጾች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ በራሴ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ማስረጃ ነበር የምፈልገው። "ዛሬ ምሳ ጋበዙኝ።" "ስታመም መድኃኒት አመጡልኝ።" ስጽፈው እንደዋዛ ያለፍኩት ሁሉ አሁን ሌላ ሆኖ ተነበበኝ። ሌላ ሚስት ነበረችው ወይስ አልነበረችም? የሠላሳ አንድ ዓመት ትዳሬ እዚህች ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ።

በሦስተኛው ቀን ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ፣ ፎቶውን በኮሮጆ ይዤ በሲኒማ ራስ በኩል ወርጄ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ሐጂ ሽማግሌ ናቸው፤ ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ሎሜ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ፎቶውን ባንኮኒያቸው ላይ አኖርኩት።

"ሐጂ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚያ ሚስት ነበረችው?"

ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሳቁ። ሐዘንተኛ ፊት መሳቃቸውን ሲያስቡት ደነገጡና አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

"አስተግፊሩላህ! እህቴ፣ መሞቱን እኔ ነገርኳቸው፤ ይሄ እኮ የገበያው ልብስ ነው። እዚያ ሰው ሲሞት የሚያውቁት ሁሉ አንድ ጨርቅ መርጠው ይለብሳሉ። ደንበኛውም፣ ጎረቤቱም፣ ቡና የሚሸጥለትም። የእኔም ሲደርስ እንዲሁ ይለብሱልኛል፤ እንዲያውም ደህና ቀለም ምረጡልኝ ብያለሁ።"

"እጇንስ?"

"እጇ ምን ሆነ?"

"ፍሬሙ ላይ ነዋ!"

"ታዲያ የት ታድርገው? ነፋስ እንዳይጥለው ይዛው ይሆናል።"

"ይደውሉላትና ራሷን ልጠይቃት።"

እምቢ አሉ፣ ለመንኳቸው፣ ዱካ ላይ ተቀምጬ አልነሳም አልኩ። በመጨረሻ ደወሉ። ሐጂ ፈረንሳይኛን የተማሩት ገበያ ውስጥ ነው፤ ከቁጥርና ከቀለም ውጭ ብዙ የላቸውም፣ ግን ያግባቡበታል። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። የሴቲቱ ድምፅ ወፍራም ነው። እኔ መሆኔን ስትሰማ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመረች። ሐጂ እጃቸውን እያወዛወዙ ይተረጉማሉ።

"አላህ ያጽናሽ ትልሻለች። ባለሱቋ ትልሻለች።"

"ማንን?"

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንቺን።"

"እኔ የምን ባለሱቅ ነኝ?"

"በኋላ እነግርሻለሁ።"

"አሁን ይንገሩኝ።"

ስልኩን በመዳፋቸው ከደኑት። "መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ዘወር ብላ አላየችንም። ወንድ ራሱን ችሎ ጨርቅ በጅምላ ሲገዛ ቀልደኛ ነው የሚመስላቸው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆምን። በማግስቱ ያንቺው ሰው ብልሃት መጣለት። ሱቁ የሚስቴ ነው፣ እኔ ተላላኪዋ ነኝ፣ እስዋ ያላየችውን አልገዛም ብሎ በእኔ አስነገራት። ወዲያው ዱካ አመጡልን። ከዚያ በኋላ ምን ይመልሰዋል? ስንት ዓመት እንደዚያው ኖረ።"

ያም ሆኖ የመጣሁበትን አልረሳሁም።

"ከባሌ ጋር ምን ነበራችሁ ብለው ይጠይቁልኝ።"

"ይሄንንስ አልተረጉምም! የአላህ ያለህ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ!"

"ይተርጉሙ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ተናገሩት። ከስልኩ እንዲህ ያለ ሳቅ ፈነዳ፣ በአጠገባችን ያለፈው ተሸካሚ ቆሞ አየን። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶችም ሲስቁ ይሰማል፤ ነግራቸዋለች።

"ምን አለች?"

"'በቀን ሦስት ጊዜ ባለሱቋ እንዲህ አለች፣ ባለሱቋ እንዲያ አለች የሚልን ወንድ ማን ይወስደዋል?' አለች። 'የሚስቱን ስም ሳይጠራ ምሳ አይበላም ነበር' አለች።" ትንሽ አዳመጡና ቀጠሉ። "ደግሞ እስዋ የምትጠይቅሽ አለ። ቢጫውን ጨርቅ፣ ወፍ ያለበትን፣ ለምን መለስሽብኝ ትላለች። አንድ ዓመት ቂም ይዣለሁ፣ በገበያው ሁሉ የተወደደ ጨርቅ ነው ትላለች።"

ቢጫውን አስታወስኩት። አራተኛው ደብተር ላይ ነው። ቁራጩን ስሰፋ "ይሄ ወፍ እንደ ደላላ ያፈጣል፣ ማን ይለብሰዋል?" ብዬ ነበር። እሱ ሳቀ፣ እኔም ረሳሁት። ለካ ሳቁን እዚህ ትቶ ቃሌን ይዞ ሄዷል። ለካ ያምራል ያልኩትን እያዘዘ፣ አያምርም ያልኩትን እየመለሰ ነው የኖረው። ቤቴ ተቀምጬ ስለፈልፍ፣ አንድ ስንዝር ማዶ ትልልቅ ሴቶች ፍርዴን ይጠብቁ ነበር።

ሚስት አልነበረችውም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ትንሽ ደስም ብሎኛል። ወደ ቤት ስመለስ ግን መንገዱን ሁሉ ያለቀስኩት በደስታ አልነበረም። ሎሜ ላይ አንዲት ሴት ነበረችው። ሱቅ አላት፣ ቃሏ ይከበራል፣ ስትቆጣ ዕቃ ይመለሳል። በቀን ሦስት ጊዜ ስሟን ይጠራል፤ ስለ እስዋ ሲያወራ ሸሚዙን ከፍቶ ይስቃል። ያቺ ሴት እኔ ነበርኩ፣ አንድም ቀን ግን አላገኘኋትም። በካምፓላዋም በሎሜዋም እንደዚህ አልቀናሁም። እዚያ የሰጣትን ዱካ እዚህ ከልክሎኛል። ሞቶ እንኳ ልቆጣው ፈለግሁ፤ የምቆጣው ሳጣ ሐጂን ለአሥር ቀን አላነጋገርኳቸውም። ያውቁ ነበርና።

ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ሴትየዋ አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር። "ከእንግዲህ ማንን ትልኪያለሽ?" አለች። የሚላክ ሰው እንዳለኝ አድርጎ የሚጠይቀኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

የባሌ ወንድም ተከራይ ይዞ ሲመጣ መልሱ ተገኘልኝ። "ሱቁ አይከራይም" አልኩት።

"እትዬ፣ ማን ሊቀመጥበት ነው?"

"ባለሱቋ።"

"የቷ ባለሱቅ?"

"ሎሜ ሄደህ ጠይቅ" አልኩት። ሐዘን አእምሮዬን የነካው መስሎት እጄን ስሞ ወጣ።

ከዚያ ሐጂን ታረቅሁና ለሴትየዋ አስደወልኩ። ባለ ወፉን ትላክልኝ አልኩ፣ ሁለት ጣቃ። መጣ፤ እስካሁን ግማሹ አልተሸጠም። ስለ ወፉ ያልኩት ልክ ነበር። ለእስዋ ግን አልነገርኳትም።

የላከችልኝን ጥቁርና ሰማያዊ ጨርቅ አሰፋሁት፤ ጥቁሬን ሳወልቅ እለብሰዋለሁ። ፎቶው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሏል። አንዳንድ ቀን ያን ሳቁን ሳየው እንደገና ይነደኛል፤ ቀና ብዬ "ለማን ነው የምትስቀው?" እለዋለሁ፣ ደንበኛ ከሌለ። አምስተኛ ደብተር ገዝቻለሁ። እሱ የአህጉሩን ገበያ ሁሉ ሲያስጽፈኝ መርካቶን አላስጻፈኝም፤ የምታውቂው ነው ብሎ ይሆናል። እኔ ግን ከምሳ ዕቃ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም፤ አሁን ያየሁትን ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን እከፍታለሁ። ባንኮኒው ጋ ያለው ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። ጨርቅ ሳጥፍ አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ ባለው ምስማር ሰክቼ፣ ሌላውን ይዤ ወደ ኋላ እሄዳለሁ።